ታሪክ ጸሐፊው በመድረክ ችሎት ፊት
የዮአኪም ሌሌቬል ሕይወትና የፖላንድ ተውኔት

የአንድ ሕዝብ አመፅ በከሸፈ ማግሥት ሁለት ዓይነት ፍርድ ይከተላል። አንደኛው የአሸናፊው ፍርድ ነው። ይህ ፍርድ በገመድ፣ በወህኒና በግዞት የሚፈጸም በመሆኑ ጨካኝ ነው፤ ሆኖም ዕድሜው አጭር ነው፤ ፈራጁም ተፈራጁም በጊዜያቸው ያልፋሉ። ሁለተኛው የባለቅኔና የጸሐፌ ተውኔት ፍርድ ነው። ይኸኛው ሥጋን አይነካም፤ ነገር ግን የሰውን ስም ይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል፤ ይግባኝም የለውም። በ1830 በዋርሶ ተነሥቶ በ1831 በወደቀው የፖላንድ አመፅ መሪዎች መካከል በዚህ በሁለተኛው ችሎት ፊት ደጋግሞ የቆመ አንድ ሰው አለ። እሱም የታሪክ ሊቁና የተቃዋሚው ወገን ፖለቲከኛ ዮአኪም ሌሌቬል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ባለቅኔ ከአመፁ በፊት አሞግሶታል፤ ሌላው ከአመፁ በኋላ ተሳልቆበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ በመድረክ ላይ አስነሥቶ መርምሮታል። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ጥያቄው፣ ሦስቱ በአንድነት የሰጡት ፍርድ ትክክለኛውን ጥፋት አግኝቷል ወይስ አላገኘም የሚለው ነው።

ሌሌቬል በ1786 በዋርሶ ተወለደ። አባቱ ካሮል በብሔራዊው የትምህርት ኮሚሲዮን ያገለገሉ ሰው ስለነበሩ ልጁ ያደገው በመጻሕፍትና በትምህርት ጉዳይ መካከል ነው። ዕድሜው ዘጠኝ ሲሞላ፣ በ1795፣ አገሩ በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ መካከል ለሦስተኛ ጊዜ ተከፋፍላ ከካርታ ላይ ጠፋች። በኋላ ዘመን የጥንት ካርታዎችን እየመረመረ፣ በገዛ እጁም በመዳብ ላይ እየቀረጸ የኖረ ሰው፣ በልጅነቱ የገዛ አገሩ ካርታ ሲቀደድ ያየ ሰው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ካደገ በኋላ በቪልኒየስ፣ ቀጥሎም በዋርሶ፣ ከዚያም እንደገና በቪልኒየስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተማረ። የእሱ ታሪክ የነገሥታት የልደትና የሞት ዝርዝር አልነበረም። የጥንት ስላቮች በማኅበራቸው ተሰብስበው ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድሩ እንደነበር፣ ይህንም ነጻነት መኳንንቱ ለራሳቸው ብቻ ጠቅልለው እንደ ወሰዱት ያስተምር ነበር። ስለዚህም የንግግሩ አዳራሽ በወጣቶች ይጨናነቅ ነበር።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ አዳም ሚትስኪየቪች ነበር። ሌሌቬል በ1822 መጀመሪያ ላይ በቪልኒየስ የዓለም ታሪክ ትምህርት ሲጀምር ሚትስኪየቪች በስሙ ግጥም ደርሶ አበረከተለት። ግጥሙ መምህሩን እንደ እውነት ፈላጊ፣ ለትውልዱም እንደ ብርሃን አድርጎ ያነሣዋል። ይህ ውዳሴ የደቀ መዝሙር ፍቅር የወለደው በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሸክም በሊቁ ጫንቃ ላይ ጭኖ ሄዷል። እውነትን የሚያውቅ ሰው እውነትን ያደርጋል የሚል ተስፋ ነው ሸክሙ። ብዙ ሳይቆይ የሩሲያ መንግሥት በተማሪዎቹ ምስጢራዊ ማኅበር ላይ ምርመራ ከፈተ። ሚትስኪየቪች ታሰረ፣ በ1824 ወደ ሩሲያ ተጋዘ፤ ሌሌቬልም በዚያው ዓመት ከመምህርነቱ ተባረረ። ደቀ መዝሙሩ በግዞት፣ መምህሩ ያለ ሥራ ቀሩ። ተስፋው ግን በወጣቶች ዘንድ እንደ ተጻፈ ቆየ።

በ1815 የቪየና ጉባኤ ያቋቋመው የፖላንድ መንግሥት በስም ሕገ መንግሥትና ሴይም የተባለ ሸንጎ ነበረው። ንጉሡ ግን ያው የሩሲያው ዛር ነው፤ የጦሩም አዛዥ የዛሩ ወንድም ታላቁ መስፍን ኮንስታንቲን ነበር። በሸንጎው ውስጥ ሕጉ ይከበር እያሉ የሚሟገቱ እንደራሴዎች ተነሡ። ከእነዚህ መካከል የታወቁት ከካሊሽ አውራጃ የመጡት የኒየሞዮቭስኪ ወንድማማቾች ነበሩ። መንግሥቱ ለዚህ የሰጠው መልስ በ1825 የሸንጎው ክርክር ለሕዝብ ጆሮ እንዳይደርስ መከልከል ነበር። ሌሌቬል በ1830 በተሰበሰበው ሴይም በእንደራሴነት ሲገባ ከዚህ የተቃውሞ ወገን ጋር ቆመ። በዚህን ጊዜ ለወጣቶች በቀላል አነጋገር የተጻፈው የፖላንድ ታሪኩ ከታተመ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ በስተግራ የሕግ ተሟጋቾቹ፣ በስተቀኝ ምስጢራዊ ሴራ የሚያሴሩት ወጣት መኮንኖች ሁለቱም የእኛ ነው ይሉት ጀመር። በእግረኛ ጦር የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ማኅበሩን የመሠረተው ፒዮትር ቪሶትስኪና ጓደኞቹ አስቀድመው ምክሩን ጠይቀውታል።

ኖቬምበር 29 ቀን 1830 ማታ ጥቂት ሲቪሎች በታላቁ መስፍን መኖሪያ በቤልቬዴር ላይ አደጋ ጣሉ፤ መስፍኑ ግን በሚስቱ ክፍል ተሸሽጎ አመለጠ። የከተማው ሕዝብ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ሰብሮ ታጠቀ። ወጣቶቹ ለመግደልና ለመሞት ተዘጋጅተው ነበር፤ ከነጋ በኋላ ማን እንደሚገዛ ግን አላሰቡበትም። ይመራናል ያሉት ሊቅ በዚያች ሌሊት በአደባባይ አልታየም፤ በሞት አፋፍ ላይ ከነበሩት አባቱ አልጋ አጠገብ ነበር። ጧት ሥልጣኑ ከታጋዮቹ እጅ ወጥቶ የቆየው የአስተዳደር ምክር ቤት እጅ ገባ። ሌሌቬልም በዚያው ምክር ቤት እንዲጨመር ተጠራና ገባ። ዲሴምበር 5 ቀን ጄኔራል ዩዜፍ ኽዎፒትስኪ ራሱን ፈላጭ ቆራጭ አድርጎ ሾመ፤ ኽዎፒትስኪ ግን አመፁ ይሳካል ብሎ የማያምን፣ ከዛሩ ጋር መታረቅን የሚመኝ ወታደር ነበር።

በጃንዋሪ 1831 ኽዎፒትስኪ ከሥልጣን ወረደ፤ ጃንዋሪ 25 ቀን ሴይሙ ዛር ኒኮላይን ከፖላንድ ንጉሥነት ሻረ። በዚያው ቀን በዋርሶ ጎዳናዎች በ1825 በሩሲያ ተነሥተው ለተሰቀሉት ዲሴምብሪስቶች መታሰቢያ ሰልፍ ተደረገ። ‹‹ለነጻነታችንና ለነጻነታችሁ›› የሚለው መፈክር ከዚያ ሰልፍ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙዎችም የሐሳቡ አፍላቂ ሌሌቬል ነው ይላሉ። ጠላቱ የሩሲያ ሕዝብ አይደለም፣ የዛሩ አገዛዝ ነው የሚለው ይህ አሳብ በጦርነት ዋዜማ መነገሩ የሊቁን አርቆ አሳቢነት ያሳያል። ወዲያው አምስት አባሎች ያሉት ብሔራዊ መንግሥት ሲቋቋም መስፍን አዳም ቻርቶሪስኪ ፕሬዚዳንት፣ ሌሌቬል ከአባሎቹ አንዱ ሆነ። ነገር ግን መንግሥቱን ከውጭ አጥብቆ የሚነቅፈው የአርበኞች ማኅበር ሊቀ መንበርም ይኸው ሌሌቬል ነበር። ‹‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም›› እንዲሉ፣ በመንግሥቱ ውስጥ የተቃዋሚዎች ሰላይ፣ በተቃዋሚዎች ዘንድ የመንግሥቱ ሰው ተብሎ ተጠረጠረ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የ1791፣ የ1807ንና የ1815ን የፖላንድ ሕገ መንግሥታት የሚያነጻጽር መጽሐፍ ማሳተሙ ደግሞ ለወዳጆቹም ለጠላቶቹም መሳቂያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። በፌብሩዋሪ 25 ቀን በግሮሆቭ የተደረገው ውጊያ የሩሲያን ጦር ከዋርሶ በር ላይ አቆመው፤ በሜይ 26 ቀን በኦስትሮዌንካ የደረሰው ሽንፈት ግን የጦሩን ወኔ ሰበረ። ኦገስት 15 ቀን ማታ የተቆጣ ሕዝብ እስር ቤቶችን ሰብሮ በክህደት የተጠረጠሩ ከሠላሳ በላይ ሰዎችን ገደለ። ቻርቶሪስኪ ከከተማው ሸሸ፤ ጄኔራል ክሩኮቪየትስኪ ሥልጣኑን ያዘ። ሌሌቬል ደሙን ባያፈስም የሚመራው ማኅበር ሕዝቡን አነሣሥቷል ተብሎ ስሙ ጎደፈ። በሴፕቴምበር 6ና 7 ቀን ዋርሶ በመድፍ ተደብድባ በማግሥቱ ለሩሲያ ጦር እጇን ሰጠች። ሊቁም ተሰዶ ወደ ፓሪስ ገባ።

የመጀመሪያው የመድረክ ፍርድ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዩልዩሽ ስዎቫትስኪ በ1834 በፓሪስ ‹‹ኮርዲያን›› የተባለውን ተውኔቱን አሳተመ። የተውኔቱ መቅድም የሚሆነው ‹‹ዝግጅት›› የተሰኘው ክፍል በ1799 የመጨረሻ ሌሊት በካርፓቲያ ተራሮች ይፈጸማል። አጋንንት በጠንቋዩ ትቫርዶቭስኪ ጎጆ ተሰብስበው፣ ድስት ጥደው፣ ገና ለሚመጣው አመፅ መሪዎችን ይሠራሉ። ድስቱ ውስጥ የሚጨመረው ቅመም እንደየሰው ይለያያል፤ ከዚያም ኽዎፒትስኪ፣ ቻርቶሪስኪና ሌሎቹ እየተራቡ ይወጣሉ። ከመካከላቸው በመጻሕፍት መካከል ያደገ፣ በንጉሥና በሕዝብ መሐል የሚዋልል አንድ ሊቅ አለ። አንባቢው ሌሌቬልን ለማወቅ አይቸገርም።

ስላቁ የሰላ ነው፤ እንደ ሥነ ጽሑፍም ዘመኑን ከተሻገሩት አንዱ ነው። የአንድ ሽንፈት መሪዎች በአጋንንት ድስት መቀቀላቸው ተመልካቹን ያስቃል፣ ያስቆጣል፤ የሐዘንተኛ ትውልድንም ቁጣ ያበርዳል። ሆኖም ሁለት ነገር መታለፍ የለበትም። አንደኛ፣ ስዎቫትስኪ ራሱ በማርች 1831 ከዋርሶ የወጣ፣ በጦር ሜዳ ያልዋለ ወጣት ነበር። የስላቁ መራራነት ከሌሎቹ በደል ብቻ ሳይሆን ከራሱ ጸጸትም የተቀዳ መሆኑን መገመት አያስቸግርም። ሁለተኛውና ዋናው ግን የጥበቡ ጉዳይ ነው። መሪዎቹ በአጋንንት እጅ የተሠሩ ከሆነ ከፍጥረታቸው ብልሹ ናቸው፤ ከፍጥረቱ የተበላሸ ሰው ደግሞ ሊሳሳት አይችልም፤ የተፈጠረበትን ብቻ ያደርጋል። ስለዚህ ስዎቫትስኪ ሌሌቬልን ሲኮንነው በዚያው አፍ ነጻ አውጥቶታል። የሽንፈቱን ምክንያት ከምድር አንሥቶ ወደ ጠንቋይ ጎጆ ወስዶታል።

የሚቀጥለውን ፍርድ የሰጠው ስታኒስዋቭ ቪስፒያንስኪ ነው። ቪስፒያንስኪ በ1869 በክራኮቭ ተወልዶ በ1907 እዚያው የሞተ ሠዓሊና ጸሐፌ ተውኔት ነበር። የያን ማቴይኮ ተማሪ፣ የክራኮቭን የፍራንሲስካን ቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶች የነደፈ ጠቢብ በመሆኑ ተውኔቶቹንም በዓይን የሚጽፍ ሰው ነው። በኦስትሪያ ግዛት የነበረችው ክራኮቭ በሩሲያ ሥር ካለችው ዋርሶ የበለጠ የመናገር ነጻነት ስለነበራት ስለ 1830 አመፅ በመድረክ ላይ መናገር የሚቻለው እዚያ ነበር። ቪስፒያንስኪ በዚህ ጉዳይ ሦስት ተውኔቶች ጻፈ። እነሱም በ1898 ‹‹ቫርሻቪያንካ››፣ በ1899 ‹‹ሌሌቬል››፣ በ1904 ደግሞ ‹‹የኖቬምበር ሌሊት›› ናቸው።

‹‹ሌሌቬል›› ባለ አምስት ገቢር ተውኔት ሲሆን የሚያተኩረው በኦገስት 1831 በሊቁና በመስፍን ቻርቶሪስኪ መካከል በነበረው ጠብ ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች የሁለት ፖላንድ ወኪሎች ሆነው ይቀርባሉ። አንዱ የዙፋንና የዘር፣ ሌላው የሕዝብና የሸንጎ ወኪል ነው። አሳቡ ትልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ተውኔቱ በመድረክ ላይ የ‹‹ቫርሻቪያንካን›› ያህል አልሰመረለትም። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የሁለቱ ጠብ የክርክር ጠብ ነው። ሕዝቡ፣ ማለትም ሌሌቬል ስለ እሱ የሚናገርለት ወገን፣ ከግድግዳው ውጭ የሚሰማ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ሁለት መሪዎች ስለ ሦስተኛ ወገን እየተከራከሩ ሦስተኛው ወገን መድረኩ ላይ ካልወጣ፣ ተመልካቹ በመጨረሻ የሚመዝነው የሁለቱን ጠባይ ብቻ ነው።

‹‹የኖቬምበር ሌሊት›› ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው። ቪስፒያንስኪ የዚያችን የአንዲት ሌሊት ታሪክ በዋዥየንኪ መናፈሻ ካሉት የጥንት ግሪክ ዓይነት ሐውልቶች ጋር አዋሕዶ አማልክቱን ሕይወት ይዘራባቸዋል። ጦረኛዋ ፓላስ አቴና የድል አማልክትን ጠርታ ወጣቶቹን ታስነሣለች፤ አሬስ በጎዳና ይሮጣል፤ ኮሬ ከእናቷ ከዴሜትር ተለይታ ወደ ሙታን ዓለም ትወርዳለች። የቅኔያችን አንባቢ ይህን አሠራር በቀላሉ ይረዳዋል። አማልክቱ ሰም ናቸው፤ ወርቁ በ1830 የፈሰሰው ደም ነው። ኮሬ ወደ ምድር ሥር የምትወርደው ዘር ካልተቀበረ ስለማይበቅል ነው። የወደቁት ወጣቶችም የተቀበረ ዘር ናቸው፤ በጊዜያቸው ይበቅላሉ ማለቱ ነው።

በዚህ ተውኔት ሌሌቬል የሚታየው በቤቱ፣ ከሚሞቱት አባቱ አጠገብ ነው። ነፍሳትን የሚሸኘው ሄርሜስ ወደዚያ ቤት ይገባል። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ቢሆንም በሊቁ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ሰብአዊ ርኅራኄ የሞላበት ይኸው ነው። ስዎቫትስኪ ወላዋይ ያለውን ሰው ቪስፒያንስኪ ሐዘንተኛ አድርጎታል። ውጭ አንድ ሕዝብ ሊወለድ ያምጣል፤ ውስጥ አንድ አባት ይሞታል። በዚያች ሰዓት ወደ ጎዳና ያልወጣ ልጅ ፈሪ ይባላልን? ተመልካቹ አዎን ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ነገር ግን እዚህም ላይ ሚዛኑ ያው ነው። ስዎቫትስኪ ጠባዩን ኮነነ፤ ቪስፒያንስኪ ጠባዩን ይቅር አለ። ሁለቱም የጠየቁት፣ በዚያች ሌሊት ይህ ሰው ለምን አልወጣም የሚለውን ነው።

ይሁንና በዚሁ ተውኔት ወደ መጨረሻው አካባቢ ሌላ ጥያቄ የሚያስነሣ ሰው ይታያል። እሱም ዋሌርያን ዉካሺንስኪ ነው። ይህ መኮንን ምስጢራዊ ብሔራዊ ማኅበር መሥርቶ በ1822 የታሰረ ሲሆን፣ የታላቁ መስፍን ጦር ዋርሶን ለቅቆ ሲወጣ ከመድፍ ጋር በሰንሰለት አስሮ ወስዶታል፤ በ1868 በሽሊሰልቡርግ ምሽግ እስኪሞት ድረስም ነጻነትን አላየም። መስፍኑ ጦሩን ይዞ በሰላም እንዲወጣ የተፈቀደው ደግሞ ዲሴምበር 2 ቀን በቬዥብኖ ከእሱ ጋር ከተደረገው ንግግር በኋላ ነው። ከፖላንድ በኩል ለዚህ ንግግር ከተላኩት አንዱ ሌሌቬል ነበር። በሰንሰለት የታሰረው ሰው በመድረክ ላይ ሲያልፍ ተመልካቹ ይህን ቢያስታውስ፣ ከኖቬምበር 29ኙ ሌሊት ይልቅ የዲሴምበሩ ቀን ከባድ ሆኖ ይታየዋል። የአባቱ ሞት ለመጀመሪያው ሌሊት ምክንያት ይሆናል፤ ለቀሩት ዘጠኝ ወራት ግን ምክንያት አይሆንም።

የዘጠኙ ወራት ትልቁ ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነበር። የፖላንድ ገበሬ በናፖሌዎን ዘመን፣ በ1807፣ ከባርነት ነጻ ነህ ተብሎ ነበር፤ መሬት ግን አልተሰጠውም። በአገሩ ሕዝብ አነጋገር፣ እግር ብረቱ ሲወልቅለት ጫማውም አብሮ ወለቀ። ከዚያ በኋላም በጌታው እርሻ ላይ ጉልበቱን በነጻ እየገበረ ኖረ። በ1831 የጸደይ ወራት ለሴይሙ አንድ ረቂቅ ቀረበ። ረቂቁ በመንግሥት ርስቶች ላይ የሚኖሩት ገበሬዎች በጉልበት ፈንታ ገንዘብ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ነበር። ይህ ትንሽ እርምጃ ነው፤ የባላባቶቹን መሬት አይነካም። ቢሆንም የሸንጎው ባለርስቶች ስለ ሥርዓቱና ስለ ቃላቱ ሲከራከሩ ቆይተው ጉዳዩን ሳይወስኑ ተዉት። ገበሬው በወታደርነት ተጠርቶ ሲሞት፣ የሚሞትለት ርስት ይኑረው የሚለው ውሳኔ ግን በአጀንዳ ላይ እንዳለ ቀረ።

የሌሌቬል ጥፋት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ከአምስቱ የመንግሥት አባሎች መካከል የማኅበሩን የጥንት ነጻነት፣ የገበሬውንም መነጠቅ በሊቅነት የሚያውቀው እሱ ነበር። ስለዚህ ነገር ያስተማረውና የጻፈው እሱ ነበር። በሥልጣን ላይ በነበረባቸው ወራት ግን የሸንጎውን አብዛኛ ድምፅ እንዳያስቀይም፣ የአገሩንም አንድነት እንዳይከፍል እየሠጋ፣ ይህን ዕውቀቱን የመንግሥቱ ሕግ አላደረገውም። በስደት ላይ ሆኖ ለገበሬው መሬት እንዲሰጥ አጥብቆ ሲጽፍ ዘመኑ አልፎ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ በጃንዋሪ 1863 የተነሣው ሁለተኛው አመፅ በመጀመሪያው ቀን ባወጣው አዋጅ መሬቱ የገበሬው ነው አለ። ዛሩም አደጋውን ስለ ተረዳ በ1864 ያንኑ መሬት በራሱ ስም ለገበሬው ሰጥቶ የአመፁን መሣሪያ ከእጁ ነጠቀ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የዘገየ እውነት በጠላት እጅ ገባ ማለት ነው።

ይህን ሚዛን ይዞ ወደ ተውኔቶቹ ሲመለሱ ብዙ ነገር በአዲስ መልክ ይታያል። ‹‹ቫርሻቪያንካ›› ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ነው፤ የግሮሆቭ ውጊያ በሚካሄድበት ቀን በአንድ የባላባት ቤት አዳራሽ ይፈጸማል። ጄኔራሎችና ወይዛዝርት በፒያኖ ዙሪያ ይናገራሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይከራከራሉ። አንድ ሽማግሌ ወታደር ጭቃና ደም ለብሶ ከጦር ሜዳ ወሬ ይዞ ይገባል፤ መልእክቱን ያደርሳል፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። በ1898 ይህን ሚና የተጫወተው ሉድቪክ ሶልስኪ በዝምታው ብቻ ስመ ጥር ሆነ። ሐያስያን ይህን ዝምታ የመድረክ ጥበብ ድንቅ አድርገው ያነሡታል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ዝምታው ከጥበብም በላይ ምስክርነት ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ እሱ ሁሉም ይናገራል፤ እሱን ግን የሚጠይቀው የለም።

ቪስፒያንስኪ ይህን አውቆታል ለማለት የሚያስደፍረው በ1901 ያወጣው ‹‹ሠርግ›› የተሰኘው ታላቅ ተውኔቱ ነው። በክራኮቭ አጠገብ በምትገኝ መንደር አንድ የከተማ ባለቅኔ የገበሬ ልጅ ሲያገባ፣ ምሁሩና ገበሬው በአንድ ጣሪያ ሥር ይጨፍራሉ። በመካከሉ በ1846 በጋሊሺያ ገበሬዎቹን በባላባቶች ላይ ያስነሣው የያኩብ ሼላ መንፈስ ይመጣል። ጥሪውን የሚያሰማው የወርቅ ቀንደ መለከት ለአንድ ወጣት ገበሬ ይሰጣል፤ ወጣቱም ባርኔጣውን ሊያነሣ ሲያጎነብስ መለከቱን ይጥለዋል። ማጭድ ይዘው የተሰበሰቡት ገበሬዎች ጥሪውን ሲጠባበቁ በድግምት ፈዝዘው ይቀራሉ። በ1831 በሸንጎው ሳይወሰን የቀረው ነገር ከሰባ ዓመት በኋላ በአንድ የሠርግ ቤት ውስጥ እንደገና ሲጠየቅ ይሰማል። ‹‹ሌሌቬል›› በተሰኘው ተውኔት የጎደለው ሦስተኛ ወገን በ‹‹ሠርግ›› ውስጥ መድረክ ላይ ወጥቷል።

ስለዚህም ‹‹የኖቬምበር ሌሊት›› ከ‹‹ሠርግ›› በኋላ የመጣ መሆኑ ያስገርማል። ገበሬው አንዴ በመድረክ ከቆመ በኋላ በቦታው የእህል አምላክ ዴሜትር ተተክታለች። ዘሩ አለ፤ ዘሪው የለም። ምሳሌው ውብ ነው፣ የሞት ሐዘንንም ያስታግሣል፤ ሆኖም ዘር ከሰው እጅ ተለይቶ በወቅቱ እንዲያው የሚበቅል ከሆነ፣ በ1831 ማን ምን ሊያደርግ ይገባው ነበር የሚለው ጥያቄ ይደበዝዛል። ስዎቫትስኪ ሽንፈቱን ለአጋንንት ሰጠው፤ ቪስፒያንስኪ ትንሣኤውን ለአማልክት ሰጠው። በሁለቱ መካከል ያለው የሰው ድርሻ፣ ማለትም የሸንጎው ረቂቅ፣ የተወሰነውና ያልተወሰነው ድምፅ፣ በመድረክ ላይ ቦታ አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተውኔት የሸንጎ ቃለ ጉባኤ አይደለም፤ የአንድ ሰው ውስጣዊ ትግል እንጂ የሕግ ረቂቅ ተመልካችን አያስለቅስም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ቪስፒያንስኪ የታሪክ መማሪያ ቢጽፍ ኖሮ አንድሬ ቫይዳ በ1974 በክራኮቭ አሮጌው ቴአትር፣ በዚግሙንት ኮኒየችኒ ሙዚቃ አጅቦ ‹‹የኖቬምበር ሌሊትን›› ባላዘጋጀው፣ በ1978ም ለቴሌቪዥን ባላቀረበው ነበር። ነገር ግን ውስጣዊ ትግልና የመሬት ጥያቄ የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። ያወቀውን እውነት በሥልጣን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልተናገረ ሊቅ ከሚሠቃየው የበለጠ ውስጣዊ ትግል ከየት ይገኛል? ከአባት አልጋ አጠገብ መቅረት የአንድ ሌሊት ሐዘን ነው። ከዕውቀት ጋር ተቀምጦ ዝም ማለት ግን የዕድሜ ልክ ሐዘን ነው፤ የእውነተኛ ትራዤዲም ጉዳይ ይኸው ነው።

የሌሌቬል ቀሪ ሕይወት ይህን ሐዘን እንደ ተሸከመ ያሳያል። በፓሪስ የፖላንድን ብሔራዊ ኮሚቴ መራ፤ በ1832 ለሩሲያ ሕዝብ በወንድምነት ስሜት የተጻፈ ጥሪ ኮሚቴው አወጣ፤ በሩሲያ መንግሥት ግፊት በ1833 ከፈረንሳይ ተባርሮ ወደ ብራስልስ ሄደ። እዚያ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል በድህነት ኖረ። እንደ ሠራተኛ ሸሚዝ እየለበሰ፣ እርዳታ ከማንም ላለመቀበል እየታገለ፣ ስለ መካከለኛው ዘመን ገንዘቦችና ጂኦግራፊ የጻፋቸውን ትላልቅ ሥራዎች አሳተመ። ወጣቱ ባኩኒን በዚያ ጎበኘው። በ1847 በተመሠረተው የብራስልስ ዴሞክራሲያዊ ማኅበር ከካርል ማርክስ ጋር አባል ነበር። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1848 የክራኮቭ አመፅ መታሰቢያ ሲከበርም ማርክስና ኤንግልስ በተናገሩበት መድረክ እሱም ተናግሯል። በሜይ 1861 ወደ ፓሪስ ተወስዶ በዚያው ወር ሞተ። ዐፅሙ በ1929 ወደ ቪልኒየስ ተወስዶ በራሶስ መቃብር አረፈ። ሰውዬው ጥፋቱን በሰበብ አልሸፈነም፤ በሥራና በችጋር ከፈለው። ይህ የብራስልስ ዘመን በሦስቱ ባለቅኔዎች ሥራ ውስጥ አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ እንዲህ ነው። ሚትስኪየቪች በሌሌቬል ላይ ትልቅ ተስፋ ጣለ፤ ስዎቫትስኪ ተስፋው ስለ ከሸፈ ተበቀለው፤ ቪስፒያንስኪ አዘነለት። በጥበብ ደረጃ ሦስቱም ከፍ ያሉ ናቸው፤ በተለይም ‹‹የኖቬምበር ሌሊት›› የአንድን ሕዝብ ሐዘን በዓይን የሚታይ አድርጎ በማቅረብ ረገድ አቻ የሚገኝለት አይመስልም። በፍርድ ረገድ ግን ሦስቱም የመዘኑት ሰውዬውን እንጂ የተሰጠውን አደራ አይደለም። አደራው ጎዳና ላይ በመውጣትና ባለመውጣት የሚለካ አልነበረም፤ ጭቃ ለብሶ በዝምታ የገባው ሽማግሌ ወታደር አንዲት ቃል እንዲናገር በማድረግ ነበር የሚለካው። የከሸፈ አመፅ መሪን በመድረክ ላይ የሚያቆም ጸሐፌ ተውኔት ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄም ይኸው ነው። ጀግናው ደፋር ነበርን ከማለት በፊት፣ የሚሞትለትን ሕዝብ ምን ሰጠው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ ኩነኔውም ይቅርታውም ከእውነተኛው በደል ጎን ያልፋሉ።